ቻርጁ ግማሹን ብቻ ነበር የመሰከረው

ድሮኑ ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ ሆቴል ግቢ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ መብራቱን ያርገበግባል። የሪሞቱም መብራት አረንጓዴ ነው፤ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ካሜራማኑ ሁለቱን ዘንጎች ወደ ውስጥ ሲስባቸው አራቱም ፕሮፔለሮች ይነሣሉ፤ የግራውን ወደ ታች ይዞ ሲቆይ ደግሞ ይቆማሉ። ሪሞቱ ላይ የተገጠመው ስልክ ግን ከዚህ ሁሉ ምንም አላየም። መተግበሪያው ተከፍቷል፤ ከድሮኑ ካሜራ የሚመጣው ምስል መታየት ባለበት ቦታ ጥቁር ገጽ ብቻ አለ፤ ከላዩም «አልተገናኘም» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በዚያው ስክሪን ጥግ የባትሪው ምልክት ላይ ትንሿ መብረቅ በርታለች። ስልኩ በገመዱ በኩል ከሪሞቱ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ቻርጅ ያደርጋል።

ያችን መብረቅ ልብ በሉልኝ። ገመዱን ከጥርጣሬ ያወጣችው እሷ ናት፤ ሁላችንንም ወደ ሰማይ እንድናንጋጥጥ ያደረገችን እሷ ናት።

ካሜራማኑ ኢትዮጵያዊ ነው። ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ከገባ ቆይቷል፤ ሐርጌሳ ላይ ሠርግና ማስታወቂያ ይቀርጻል። እኔ ስለ ላስ ጌል ልጽፍ፣ እሱ ከአየር ሊቀርጽ፣ ፈቃዱም ተይዞ፣ በማግስቱ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረን ነበር። ላስ ጌል ከከተማዋ በበርበራ መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ የድንጋይ ጥላ ነው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የተቀረው ዓለም የሰማው ግን በዣቪዬ ጉተርዝ የሚመራው የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ቡድን በ2002 በፈረንጆች አቆጣጠር ደርሶ ከመዘገበው በኋላ ነው። በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ቀለማቸው ያልጠፋ፣ አንገታቸው በጌጥ የተሸለመ ላሞች ተሥለውበታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ድሮን የሚያስነሣ ሰው ምን እያየ እንደሚያበር በእርግጠኝነት ማወቅ አለበት። የፕሮፔለሩ ነፋስ አሸዋ አንሥቶ ሥዕሉ ላይ እንዳይረጭ ከዓለቱ መራቅ ግድ ነው፤ ለመራቅም ማየት ያስፈልጋል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የነበረው ሁሉ አንድ ነገር ጠረጠረ፤ አየሩን። አንዱ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው አለ። ሌላው በየሕንፃው አናት ላይ የቆመውን የስልክ አንቴና አሳየን። ግምቱ መሠረት አለው። አብዛኛው የሲቪል ድሮን ከሪሞቱ ጋር የሚነጋገረው በ2.4 ወይም በ5.8 ጊጋኸርዝ ነው፤ ያው የየቤቱ ዋይፋይ የሚጠቀምበት ሰማይ። በተጨናነቀ ከተማ ምስል ይቆራረጣል፣ ርቀት ያጥራል። ስለዚህ መኪና ተነሣና ሁለቱ መንታ ኮረብታዎች፣ ናሳ ሃብሎድ፣ ወዳሉበት አቅጣጫ ከከተማው ወጣን። በዙሪያችን ግራርና አሸዋ ብቻ ነበር። ስልኩ እዚያም ቻርጅ ያደርጋል፤ ምስል ግን የለም።

ጥፋቱ የአየሩ እንዳልነበረ ከምስሉ አጠፋፍ ማወቅ እንችል ነበር። ራዲዮ በአንድ ሞገድ ላይ ቆሞ እንዳይታፈን ከሞገድ ወደ ሞገድ እንዲዘል ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942፣ ቶርፔዶን ከርቀት ለመምራት የሚያገለግል እንዲህ ያለ ዘዴ በስማቸው አስመዝግበዋል። የዛሬዎቹ ሪሞቶችም ንጹሕ ሞገድ እየፈለጉ ቦታ ይቀያይራሉ። ሲበዛባቸው መጀመሪያ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይቋረጣል። የኛ አልተንቀጠቀጠም፣ አልደበዘዘም። ከመነሻውም አልነበረም። ይህን ልዩነት ያን ጊዜ አላጤንነውም።

ካሜራማኑ ዘንጉ እስከታዘዘለት ድረስ ያለ ስልክም ማብረር ይችል ነበር፤ አንዳንዱ እንደዚያ ያደርጋል። እሱ እንቢ አለ፤ ትክክልም ነው። ሐርጌሳ መሀል አደባባይ ላይ ሚግ የጦር አውሮፕላን ለመታሰቢያ ተሰቅሏል። በ1988 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከዚህችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሡ ይህችኑ ከተማ ደብድበዋታል። ያንን ያዩ ሰዎች ዛሬም በዚህ ጎዳና ይመላለሳሉ፤ ከላይ ድምፅ ሲሰሙ ቀና ይላሉ። በዚህች ከተማ ሰማይ ላይ በጭፍን የሚበር ነገር ማስነሣት ነውር ነው።

ወደ ከተማ ተመለስንና ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ጎልማሳ ሰው ናቸው። የቀድሞ ሱቃቸው በታላቁ የዋሄን ገበያ ውስጥ ነበር፤ ገበያው በኤፕሪል 1፣ 2022 ሌሊት በተነሣው እሳት ሲወድም የእሳቸውም አብሮ ሄደ። አሁን ጠባብ መደብ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ጀርባ ይቀመጣሉ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። በዚያ በ1988 ከቤተሰባቸው ጋር ሸሽተው ኢትዮጵያ የገቡ ሕፃን ነበሩ፤ ያደጉት ሐርትሼክ መጠለያ ጣቢያ ነው፣ ሙያውን የያዙት ደግሞ ጅግጅጋ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተላላኪ ሆነው።

«አዴር፣ አፑን አጥፍቼ እንደገና ጭኜዋለሁ፤ ስልኩንም ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ልመልሰው ነው» አላቸው ካሜራማኑ፣ በሶማሊኛ አጎት ብሎ ጠርቷቸው።

«ተው፣ ምንም አትንካ» አሉት። «ድሮኑ በሪሞቱ ይታዘዝልሃል?»

«ይታዘዛል።»

«እንግዲያው ስለ ሰማዩ አታውራኝ፤ ሰማዩ ደኅና ነው። ስልኩ ሲሰካ ምን ይላል?»

«ቻርጅ ያደርጋል።»

«ቻርጅ ማድረጉን አይቻለሁ። ምን ይላል? ይጠይቅሃል?»

ካሜራማኑ ዝም አለ። ድሮኑን በገዛ ጊዜ፣ ገመዱን በሰካ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቅ ትል ነበር፤ ይህ መሣሪያ ሲገናኝ የትኛውን መተግበሪያ ልክፈት የምትል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አላያትም። ጠጋኙ የፈለጉት ይህንን ነበር።

እዚህ ላይ ከገመዱ በስተጀርባ ያለውን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም የሰማሁት እዚያው መደብ ዳር ተቀምጬ ነው፣ በኋላም አንብቤ አረጋግጬዋለሁ። ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲገናኝ አንዱ አዛዥ ሌላው ታዛዥ መሆን አለበት። ድሮን ሪሞት ላይ አዛዡ ሪሞቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩንም የሚሰጠው እሱ ነው። ጉግል ይህ እንዲቻል ለአንድሮይድ ስልኮች የንግግር ሥርዓት ያወጣው በ2011 ነው፤ በአንድሮይድ 3.1 ጀመረና ወደ 2.3.4ም ወረደ። ሪሞቱ እንደ ጨዋ እንግዳ በር አንኳኩቶ ራሱን ያስተዋውቃል። መጀመሪያ በቁጥር 51 በሚታወቀው ጥያቄ «ይህን ቋንቋ ትችላለህ? ስንተኛውን እትም?» ይላል። ስልኩ እችላለሁ ካለ፣ በ52 የአምራቹን ስም፣ የሞዴሉን ስም፣ መግለጫውንና የመሳሰለውን እየቆጠረ ይልካል። በ53 «እንጀምር» ይላል። ያን ጊዜ ስልኩ ለቅጽበት ይቋረጥና በሌላ መታወቂያ ተመልሶ ይመጣል፤ ያች ጥያቄም ስክሪኑ ላይ የምትወጣው ያኔ ነው። ምስሉ ከድሮኑ እስከ ሪሞቱ በራዲዮ፣ ከሪሞቱ እስከ ስልኩ ደግሞ በዚህ ንግግር ይመጣል።

ስለዚህ ጥያቄዋ አለመምጣቷ ብዙ ይናገራል። መተግበሪያው ገና አልተጠራም፤ በሱ ላይ የጠፋው ጊዜ ሁሉ ተራው ያልደረሰ ሰው መመርመር ነበር። ራዲዮውም እዚህ ውስጥ የለበትም። ንግግሩ የተቋረጠው ከመጀመሪያው ቃል በፊት፣ በዚያች ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ነው።

ጠጋኙ ገመዱን ከሪሞቱ ነቅለው በራሳቸው ላፕቶፕና በካሜራማኑ ስልክ መካከል ሰኩት። መብረቋ በራች። ላፕቶፑ ግን አንዳች አላለም፤ አዲስ ዕቃ መግባቱን እንኳ አላወቀም። ከመሳቢያቸው ሌላ ገመድ አውጥተው በዚያው ላፕቶፕና በዚያው ስልክ መካከል ሰኩ። ላፕቶፑ ወዲያው ድምፅ ሰጠ፣ የስልኩ ስምም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከገመዱ በቀር ምንም አልተለወጠም።

«ከየት ገዛኸው?»

የሪሞቱ የራሱ ገመድ አንገቱ ላይ ተቆርጦበት፣ ከመንገድ ዳር የቻርጀር ገመድ ገዝቶ ነበር። ሪሞቱ ከግርጌው ሰፊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው የቆየ ዓይነት ስለሆነ፣ ማንኛውም የስልክ ገመድ ይሰካለታል። ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ጊዜ የሌላ ሰው ስልክ ተውሶ ከነገመዱ ሲሠራ ስለነበር፣ የራሱን ስልክ በአዲሱ ገመድ ሲሞክር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጠጋኙ ፈቃዱን ጠይቀው ገመዱን መሀሉ ላይ በምላጭ ላጡት። የላይኛው ጎማ ሲገለጥ ቀይ ሽቦ ታየ፣ ጥቁር ሽቦ ታየ፣ በመካከላቸውም አንድ ነጭ ነገር። ካሜራማኑ «ይኸው ሦስተኛው አለ» አለ። ጠጋኙ ነጩን በጥፍራቸው ጎትተው አወጡትና በጣታቸው መካከል ፈተሉት። ክር ነበር። ገመዱ እንዳይበጠስ፣ ክብ ሆኖም እንዲታይ የገባ ናይለን። በሙሉ ገመድ ውስጥ ቢያንስ አራት ሽቦ አለ፤ ቀዩና ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ፣ አረንጓዴውና ነጩ ቃል ያመላልሳሉ። የዚህ ገመድ ሠሪ ሁለቱን ትቷቸዋል። ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጉድለቱ ጨርሶ አይታወቅም።

አራት ሽቦ ያለውን ገመድ ገዛን። ሪሞቱ ላይ ሲሰካ ያች ጥያቄ መጣች፤ የመደቡ ጣሪያ፣ የጠጋኙ እጅ፣ የካሜራማኑ ጫማ በስልኩ ላይ ታዩ። ሒሳቡ በስልክ ተከፈለ፤ ሐርጌሳ በሞባይል ገንዘብ መገበያየት ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታልና ገመድ እንኳ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ጥቂት ነው። ነገሩ አለቀ ብለን ተለያየን።

አላለቀም። በማግስቱ ማለዳ መኪናው ተጭኖ ሳለ ካሜራማኑ ከመነሣታችን በፊት አንድ ጊዜ ሞክሮ ለማየት ገመዱን ሰካ። መብረቋ በራች። ጥያቄዋ አልመጣችም፣ ምስልም የለም። ነቅሎ ሰካው፤ ያው ነው። ገመዱ ትናንት ላፕቶፕ ላይ ተፈትኗል፣ ሪሞቱ ላይም ሠርቷል። መኪናውን ወደ ጠጋኙ መደብ አዞርነው። ጠጋኙ ገና መደባቸውን እየከፈቱ ነበር። ሪሞቱን ተቀብለው ገመዱን ሰኩት፤ ምስሉ መጣ። ለካሜራማኑ መለሱለት፤ ነቅሎ ሰካው፣ ምስሉ ጠፋ። እሳቸው ሲሰኩት ይመጣል፣ እሱ ሲሰካው ይጠፋል። በዙሪያው የነበሩ ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ።

ጠጋኙ ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ አንሥተው እጁን ማየት ጀመሩ። «ቀስ ብለህ ሰካው» አሉት። ቀስ ብሎ ሰካው። «ንቀለው። አሁን ስልኩን ገልብጠህ ሰካው።» ገለበጠው። ጥያቄዋ መጣች።

እሳቸው ስልኩን በስክሪኑ ደፍተው ነበር የሚሰኩት፤ እሱ አንጋሎ። ገመዱን በሁለቱ አጋጣሚ በተለያየ ፊቱ ያስገቡት ነበር ማለት ነው። የታይፕ ሲ ሶኬት ትልቁ ጥቅሙ ግን ፊትና ጀርባ የሌለው መሆኑ ነው፤ በየትኛውም ፊቱ ቢገባ አንድ ነው ተብሎ ነው የተሠራው። ታዲያ ለምን ተለየ?

መልሱ ከሶኬቱ ውስጥ ነው። በስልኩ ቀዳዳ መሀል ያለችው ቀጭን ምላስ ላይ 24 የብረት መገናኛዎች አሉ፤ 12ቱ ከላይ፣ 12ቱ ከታች። ከነዚህ ውስጥ ለኤሌክትሪክ መግቢያ አራት፣ ለመመለሻው አራት ተመድበዋል፤ በሁለቱም ፊት ተከፋፍለው። አንድ ሁለቱ ቢቆሽሹ ሌሎቹ ይሸከማሉ። ለቃል ማመላለሻው ግን ስልኩ በኩል በላይኛው ፊት አንድ ጥንድ፣ በታችኛው ፊት አንድ ጥንድ አለ፤ ከሪሞቱ የሚመጣው የገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የተዘረጋው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ገመዱ በአንድ ፊቱ ሲገባ ከላይኛው ጥንድ ጋር ይገጥማል፤ ሲገለበጥ ከታችኛው ጋር። ከሁለቱ ጥንዶች አንዱ ቢዘጋ ስልኩ በአንድ ፊት ሰምቶ በሌላው ይደነቁራል፤ ኤሌክትሪኩ ግን በሁለቱም ይፈሳል። ትናንት ማታ ምስሉ የመጣው ገመዱ በዕድል በደኅናው ፊት ስለገባ ነበር።

የትናንትናውም የዛሬውም ችግር በመብረቋ ምልክት ተሸፍኖ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ጉድለቶች አንዱ ሌላውን ሸፍኖ ተደራርበው ስለነበር፣ የመጀመሪያው ሲነሣ ብቻ ነው ሁለተኛው ለመታየት የበቃው። እኔን እጅግ የገረመኝ ይህ ነው። ትናንት ተጠግኗል ብለን ስንለያይ ሁላችንም እውነት ነበረን፤ ገመዱ በእርግጥ ባዶ ነበር። ነገር ግን የተገኘው ምክንያት የመጨረሻው ምክንያት መሆኑን ማንም አላጣራም፤ ለማጣራት ደግሞ ገመዱን አንድ ጊዜ ገልብጦ መሰካት በቂ ነበር።

ጠጋኙ ስልኩን አጠፉት። ማጉያ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የጠረጴዛ መብራቱን ዝቅ አድርገው ወደ ቀዳዳው አበሩ። ካሜራማኑንም ጠርተው አሳዩት፤ ከዚያ እኔም አየሁ። ከምላሷ በላይ ያለው ክፍተት ጥርት ብሎ፣ መገናኛዎቹ ወርቃማ ሆነው በተርታ ይታያሉ። ከበታቿ ግን ግራጫ ነገር ተጠቅጥቋል። ብናኝ ብቻ አይደለም፤ የኪስ ጨርቅ ቃጫ ከሐርጌሳ ቀይ አቧራ ጋር ተጋግሮ፣ ገመድ በተሰካ ቁጥር እየተገፋ ወደ ውስጥ ተደልድሏል። መርፌ አልነኩም፤ ብረት ሁለት መገናኛዎችን ካገናኘ ወይም ምላሷን ካጣመመ ስልኩ ይጎዳል። ስቴኪኒ ወስደው ጫፉን በምላጭ አሳሱት፣ ከግድግዳው ጥግ ጀምረው በዝግታ እየጎተቱ አወጡ። አንድ ጊዜ ከወጣው ጥቅልል ሌላ፣ ከሥሩ የቀረ ስስ ሽፋን ነበር፤ ያንን በአልኮል በራሰ ለስላሳ ብሩሽ ጠረጉ። እስኪደርቅ ድረስ ስልኩ ሳይበራ ቆየ፤ ጠጋኙም የሚያስቸኩላቸው ቢኖርም አልሰሙትም።

ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ገመዱ ሲገባ ትንሽ ወጣ ብሎ ይቀር እንደነበር ካሜራማኑ አሁን ትዝ አለው። ሲሰካው እንደ ወትሮው ቀጭ የሚል ድምፅ አልነበረውም። አሁን ገባና ቀጭ አለ። በአንዱ ፊት ተሞከረ፤ ጥያቄዋ መጣች። ተገልብጦ ተሞከረ፤ መጣች። ጠጋኙ በዚህም አልረኩም፤ ገመዱን በሪሞቱ በኩል ቀኝና ግራ እያወዛወዙ ምስሉ ይቋረጥ እንደሆነ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተመለከቱ። አልተቋረጠም። ከዚያ ነው «ሁልጊዜ በዚህ መተግበሪያ ክፈት» የሚለውን ምርጫ እንዲነካ ለካሜራማኑ የፈቀዱለት።

«ብናኙ ለምን ከታች ብቻ ሆነ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ስልኩን ኪሱ ውስጥ እንዴት እንደሚይዘው እንዲያሳያቸው አዘዙት። በሱሪው የፊት ኪስ ውስጥ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች፣ ስክሪኑን ወደ ጭኑ አድርጎ ከተተው። የኪሱ ቃጫ ከሥር ይጠብቃል። ሌሊት ቻርጅ ሲያደርግም ዘወትር ገመዱን በአንድ ፊት እንደሚሰካ ነገራቸው፤ የአልጋው አጠገብ ሶኬት አቀማመጥ እንደዚያ ነው። እሳቸው እርግጠኛ ሆነው አልተናገሩም። «ሊሆን ይችላል» አሉ፤ «እስቲ ወደ ላይ አድርገህ ያዝና ከወር በኋላ አምጣው፤ አብረን እናያለን።»

ላስ ጌል የደረስነው ፀሐይ ከረር ካለች በኋላ ነው። ካሜራማኑ ከዓለቱ ርቆ፣ ሜዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ድሮኑን አስቀመጠ። ገመዱን ሰካ፣ ነቀለ፣ ገልብጦ ሰካ፤ በሁለቱም ፊት ምስሉ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ዘንጎቹን ወደ ውስጥ የሳባቸው።